በጉሙ ውስጥ አንድ ሆነው የታዩኝ አሮጊት

«ጥላ ተከተለኝ፣ ወንዝ ዳር የማላውቀው ሰው ጠራኝ» የሚሉ ሰዎች ሲያወሩ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ዛሬም ቢሆን ጅብ እንጂ ጋኔን አልፈራም፣ ይቺን አንዷን ግን ከልቤ ላወጣት አልቻልኩም፣ እናንተው ፍረዱኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ባለቤቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ጠፍቶብኛል፣ እኔ አንኮበር ላይ አንዲት ልጄን ይዤ፣ ባቄላ በበቅሎዬ ጭኜ ወደ አልዩ አምባ ገበያ እየወረድኩ፣ በርበሬና ጨው ይዤ እየወጣሁ እኖራለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ልጄ ሁለት ሆና ጎን ለጎን ቆማለች። «እማዬ፣ ምን ያስፈጥጥሻል?» ስትለኝ ለየትኛዋ እንደምመልስ ጨነቀኝ። ምሰሶው ሁለት፣ በሩ ሁለት፣ በቅሎዬም ሁለት፣ ድሃ ባንድ ሌሊት የሁለት በቅሎ ጌታ ሲሆን አስቡት! ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ «የሰው ዓይን ነው የበላሽ፣ ጠበል ግቢ» አሉኝ፣ እኔ ግን ገበያው ካለፈኝ ልጄ ምን ትበላለች ብዬ በቅሎዬን ጭኜ ወረድኩ።

የአንኮበርን ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ በቀትር ዓለሙን ይውጠዋል። ልክ ገደሉ አፋፍ ላይ ስደርስ ወረደብኝ፣ መንገዱም ግራና ቀኝ ለሁለት ተከፈለ፣ በቅሎዬ ደግሞ ድንገት ቀጥ ብላ አልሄድም አለች። ልጓሟን ጎትቼ እግሬን ሳነሳ ከፊቴ ከዘራ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ፣ ቋ፣ ቋ፣ ከጉሙም አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ቁሚ! ቢስሚላሂ በይና ያነሳሽውን እግር መልሺ!»

«እማማ፣ መንገዱ የቱ ነው? ሁለት ሆኖብኛል።»

«እስቲ አንዱን ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈንኩ። የግራው መንገድ ጠፋ፣ እግሬ ተነስቶ የነበረው ወደሱ ነው፣ ከሥሩ ገደል ብቻ!

«አሁን ሌላውን ጨፍኚ። አሁንም አንድ ነው? እንግዲያ እያንዳንዱ ዓይንሽ ደህና ያያል፣ አብረው መሄድ ነው ያቃታቸው። ውሃስ ይጠማሻል?»

«እንስራ ሙሉ ብጠጣ አልረካም።»

«ጠበልሽንም ጠጪ፣ ሐኪም ቤት ሳትሄጂ ግን እንዳታድሪ።» ከሻሻቸው ጫፍ ቀደዱና፣ ስንጭናት እንዳትደነብር የበቅሎ ዓይን እንደምንሸፍነው አንዱን ዓይኔን አሰሩት። «እንዳትራገጪ ብቻ!» ብለው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ቋጠሮውን አጥብቄ ቀና ስል የሉም፣ የከዘራው ድምፅም የለም፣ በቅሎዬ ግን ሳልጎትታት መንገድ ጀመረች።

ገበያውን ትቼ ሽቅብ ተመለስኩና ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ገባሁ፣ ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ «ስኳር ነው» አለኝ። «ዓይንሽን ወደ ጎን የሚያዞረውን ጡንቻ የሚያዘው ነርቭ ተነክቷል፣ ስኳርሽን ከተቆጣጠርሽ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ እስከዚያው አንዱን ዓይን መሸፈን ነው። እንዲህ በድንገት ሲመጣ የባሰም ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ መምጣትሽ በጀሽ። ማነው እንዲህ አድርጎ ያሰረልሽ?»

ነገርኩት። «አንቺዬ፣ አሮጊቷም ሁለት ሆነው ነው የመጡት?» አለና ሳቀ። ልስቅ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በቅሎዬ ሁለት ነበረች፣ መንገዱ ሁለት ነበረ፣ እሳቸው ግን፣ ሁለቱም ዓይኖቼ ተከፍተው ሳለ፣ አንድ ነበሩ። ሐኪሙም ሳቁን ተወ።

ዓይኔ ዳነልኝ፣ ልጄም አንድ ሆነችልኝ፣ ተመስገን። የአልዩ አምባን ነጋዴ ሁሉ ጠየቅሁ፣ እንዲህ ያሉ ሴት የሚያውቅ አልተገኘም። ያቺ በቅሎ እስክትሞት ድረስ እዚያ አፋፍ ላይ ስትደርስ ቆማ ጆሮዋን ታቀና ነበር፣ እኔም ክርስቲያን ብሆንም በሳቸው አፍ «አላህ ይስጥልኝ እማማ» ሳልል አላልፍም፣ ዛሬም እላለሁ። ታዲያ ሰሞኑን በጠራራ ፀሐይ፣ ጉም በሌለበት፣ ስመርቃቸው ከኋላዬ ቋ አለ። አልዞርኩም። አሁን እኮ ሰው ሁሉ አንድ ሆኖ ነው የሚታየኝ፣ ብዞርስ እሳቸውን ከሰው በምን እለያቸዋለሁ?