የተኛው ጥላ

ጆስሊን የአውቶብሱን የመውረጃ ደወል ገመድ እንደያዘች ቀረች። ድልድዩ የለም።

ከዶናት ቤቱ ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙ ትልቁ የፕላስቲክ ጥርስ፣ ከጥርሱ ቀጥሎ ድልድዩ፣ ከድልድዩ በኋላ ገመድ መሳብ። አምስት ቅዳሜ ሙሉ ከአስተማሪዋ ጋር ተመላልሳበታለች፤ በእንቅልፏም ትዘረዝረዋለች። ዛሬ ግን አውቶብሱ ጥርሱን እንዳለፈ ወደ ግራ ታጠፈና በረዶ የተጫናቸው፣ በሕይወቷ አይታቸው የማታውቃቸው ቤቶች መካከል ገባ።

«ተሳስቼ ይሆን እንዴ?» አለች በሆዷ። 17 እና 71 ለእሷ መንታ ናቸው። ስትሳፈር ግን ሁለቴ አረጋግጣ ነበር፤ 1 ከፊት፣ 7 ከኋላ።

ጆስሊን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቁጥር ይገለበጥባታል፣ ጽሑፍ ደግሞ እሷ ጋ ሲደርስ መደነስ ይወዳል። ስለዚህ እስካሁን በሌሎቹ የዋና ቀናት ወደ መዋኛው የሚያመላልሳት የትምህርት ቤቱ ትንሽ ቫን ነው። እናቷ በር ላይ ቆማ፣ ቫኑ ከመንደሩ እስኪወጣ ድረስ እጇን ታውለበልባለች። የዋና ቡድኑ ልጆች በአውቶብስ ተንጋግተው ይመጡና «አምባሳደሯ ደረሰች፣ ምንጣፉን አንጥፉ» ይላሉ። ሲጀመር እሷም ትስቅ ነበር። አሁን አሁን ግን ቀልዱ ሻግቷል።

ዛሬ ፈተና ነው። ካለፈች፣ ቫን ቻው። ከወደቀች እስከ ትምህርት መዝጊያ አምባሳደር ሆና ትቀጥላለች።

ፈታኟ ከርቲስ ነው። እንደሷ ላሉ ልጆች ብቻቸውን በአውቶብስ መሄድ ያስተምራል። መጀመሪያ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር፣ ከዚያ ሁለት ወንበር ራቅ አለ፣ ዛሬ መጨረሻው ወንበር ላይ ነው።

«ዛሬ ጥላሽ ነኝ» ብሏት ነበር ፌርማታው ላይ። «ጥላ ደግሞ አያወራም። ካናገርሽኝ ፈተናው አለቀ።»

«ብታስነጥስስ?»

«ይማርህ እንዳትዪኝ።»

ጆስሊን ቀስ ብላ ዞራ አየችው። አረንጓዴ የሱፍ ኮፍያው ቅንድቡ ላይ ወርዷል፣ ጉንጩ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፣ አፉ ተከፍቷል። ሚስቱ መንታ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። «ተራ ገብተው ነው የሚያለቅሱት፤ አንዱ ሲደክመው አንዱ ይቀጥላል» ብሎ ራሱ ነግሯታል።

ጥላዋ እያንኮራፋ ነው።

ጉልበቱን ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ አበቃ፣ ድልድዩን እሱ ይፈልገዋል። ፈተናውም አብሮ ያበቃል። ወይ ደግሞ ሹፌሯን መጠየቅ። ለጭንቅ ጊዜ ተብሎ የተሰጣት ሥዕሉን እያሳየች መንገድ የምትጠይቅበት ካርድ ነበር፤ «ሕፃን ያስመስለኛል» ብላ ቤት ትታው መጥታለች። ስለዚህ የቀራት አፏ ነው። ለማታውቀው ሰው ስትናገር ደግሞ አፏ አስቀድሞ ይደርቃል።

ጠበቀች። አውቶብስ እየሄደ ከወንበር አይነሳም፤ የከርቲስ ሕግ ነው። ቀይ መብራት ያዛቸውና ቆሙ። ያኔ ብድግ አለች።

ሹፌሯ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሽበታም ሴት ናት።

«ይቅርታ» አለች ጆስሊን። «ወደ መዋኛው ነበር የምሄደው። ድልድዩ... የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም፣ የኔ እመቤት። ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱ የበረዶ መንሸራተቻ ሆነና ዘጉት። በሌላኛው ድልድይ ዞረን ነው የምንሻገረው። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል እኮ።»

«እኔና ማስታወቂያ አንግባባም።»

ሹፌሯ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት። «እኔና ባሌም እንደዚያው ነን። ቤተ መጻሕፍቱን ታውቂዋለሽ? ከመዋኛው ፊት ለፊት ያለውን?»

«አውቀዋለሁ።»

«እሱን ስታዪ ገመድሽን ሳቢ። በይ ተቀመጪ፣ መብራቱ ሊለቀን ነው።»

ቤተ መጻሕፍቱ ከሩቅ ብቅ ሲል ጆስሊን እንዳታመልጠው የፈራች ይመስል ገመዱን በሁለት እጇ ሳበች። ደወሉ ጮኸ። ከርቲስ አልሰማም። በሩ ሲከፈት አንዴ ዞራ አየችው። ጥላ አያወራም ያለው እሱ ነው፤ ጥላስ ይቀሰቀሳል?

«አመሰግናለሁ» አለቻት ሹፌሯን፣ ሁሉም ሲወርድ እንደሚለው። ወረደች። አውቶብሱ ከርቲስን ይዞ ሄደ።

መሻገሪያው ጫፍ ላይ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ከርቲስ። መንገድ ስትሻገር ስልክ አይነሳም፤ ይህም የሱ ሕግ ነው። ኪሷ ውስጥ ይጩህ ብላ ተወችው። የእግረኛው መብራት ሲበራ ግራ ቀኝ አይታ ተሻገረች። ከዚያ አነሳችው።

«ጆስ፣ የት ነሽ?»

«መዋኛው በር ላይ። አንተስ?»

«አላውቅም» አለ።

«ሹፌሯን ጠይቃት። ደግ ሴት ናት። መብራት ላይ ስትቆም ብቻ ግን።»

ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ። የመስኮቱ ጠርዝ ጉንጩ ላይ መስመር አስምሯል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ለአለቃዬም ራሴ እነግራታለሁ። እናትሽ ጋም ዛሬውኑ እደውላለሁ።» የፈተናውን ቅጽ አውጥቶ የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለና ሳይጽፍ ቆመ። «እዚህ ጋ ‹ስትወርድ አይቻታለሁ› ይላል። ደርሰሻል፣ ያውም በማታውቂው መንገድ። ግን አላየሁም።»

በመዋኛው የመስተዋት በር በኩል ልጆቹ ውሃ ሲራጩ ይታያሉ። ‹ምልክት አድርግበት፣ ማን ያውቃል› የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቫኑ ታያት። የእናቷ እጅ ታያት። ከርቲስም እስክሪብቶውን ይዞ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«ባዶውን ተወው» አለች። «በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደግመዋለን።»

«እሺ። ቡና ጠጥቼ ነው የምሳፈረው።»

«አትሳፈር። እዚህ ፌርማታው ላይ ቁም። ስወርድ ታየኛለህ።»

ከርቲስ ኮፍያውን ገፋ አድርጎ ግንባሩን አከከ። «ድልድዩ እስከዚያ ባይከፈትስ?»

«ቤተ መጻሕፍቱን አውቀዋለሁ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ገባች።