የጣሊያን ጌሾ

ሃምሳ አለቃ ደመላሽ ጠላ ቤቱ ሲደርስ፣ በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ባለ ጠላዋን ሸዋወርቅን ከስሶ፣ ፈርዶ፣ ሊሰቅላት ትንሽ ነበር የቀረው። «ባዕድ ቅጠል አጠጥታ ገደለችው!» ይላል አንዱ። «ጋኑን ስበሩት!» ይላል ሌላው፤ ድንጋይም አንስቷል። ደመላሽ ድንጋዩን ከሰውዬው እጅ ተቀብሎ መሬት ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ ገባ። ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ፣ መጠጥ በአፉ የማይዞር ሰው ነበር። ስለ ጠላ ምን ያውቃል ብለው የሚንቁት ብዙ ናቸው። እናቱ አንኮበር ላይ ጠላ እየጠመቀች እንዳሳደገችው ግን መቐለ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ሟቹ መደቡ ላይ ተጋድሟል። አገኘሁ ይባላል፤ የመንግሥት ጸሐፊ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ከሸዋ ከታላቅ እህቱ ጋር የመጣ ልጅ። ፊቱ ቀልቷል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የዓይኑ ብሌን ያለ ልክ ሰፍቷል። ደመላሽ ዓይኑን በጣቱ ከደነለት። «አይ ልጅነት!» አለ ለራሱ። ይህን ሁሉ ዓመት ፖሊስ ሆኖ ሬሳ ማየት አልለመደም፤ እኔን ብትጠይቁኝ ለመርማሪነቱም የበጀው ይኸው ነበር።

እህትየው የትምወርቅ ከአስከሬኑ እግር ሥር ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። አርባውን ያለፈች፣ ለወንድሟ ስትል ሳታገባ የቀረች ሴት ናት።

«እናት አባት ሳይኖረው አዝዬ ያሳደግሁትን! ይቺ ሴት በፈረንጅ ቅጠል ፈጀችብኝ! ሃምሳ አለቃ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ፍርድ ስጠኝ!»

«እሰጥሻለሁ እናቴ» አለ ደመላሽ። ቃሉን በኋላ ምነው ባልሰጠሁ ብሎታል።

ባለ ጠላዋ ሸዋወርቅ ጋኑ አጠገብ ቆማለች። ባሏ በጦርነቱ የቀረባት፣ ከመንዝ ወጥታ በዚህ አገር በጠላዋ ስም ያፈራች ሴት ናት። አሁን ስሙም ነፍሷም በአንድ ቀን ሊጠፉ ነው። ከነገ ወዲያ ረቡዕ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ሰው ገድላለች ከተባለ ደግሞ የሚጠብቃት ገመድ ነው።

«ምን አጠጣሽው?» አላት።

«ሁሉም የጠጣውን ነው ጌታዬ። ዘንድሮ ጌሾ ጠፋ። ጠሃ የሚባለው የወሎ ነጋዴ፣ ጣሊያን ቁሓ ላይ ጥሎት ከሄደው መጋዘን አንድ ጆንያ ደረቅ አበባ አምጥቶ፣ የፈረንጅ ጌሾ ነው፣ ሉፖሎ ይሉታል፣ ቢራቸውን የሚጠምቁበት ነው አለኝ። እስቲ ልሞክረው ብዬ በአንድ ጋን ብቻ ጠነሰስኩ። የአበባው መዓዛ እንዳይጠፋብኝ እንኩሮውንም አላጠቆርኩት። ጠላው ነጣ ብሎ ወጣ።»

«ቀምሰሽዋል?»

«ሳልቀምስ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም! ከማንቆርቆሪያው መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ በሁሉም ፊት ጠጣሁ። ይመራል፤ ከኛ ጌሾ ይብሳል። መዓዛው ግን ደስ ይላል። ስድስት ሰው ነበር። ‹አዲስ ነው፣ ይመራችኋል፤ በአንድ ጉንጭ እንዳትፈርዱብኝ፣ ጨርሱትና ንገሩኝ› አልኳቸው።»

«አገኘሁስ?»

«ፊቱን አጨፈገገ። ‹ኧረ ይኼስ ጉድ ነው!› አለ። ከዚያ ‹እት ሸዋዬ፣ ላንቺ ስል› አለና ግጥም አድርጎ ጠጣው።» እንባዋ መጣ። «ትንሽ ቆይቶ አፌ ደረቀ፣ ውሃ ውሃ አለ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ አለ። ከሌለ ሰው ጋር ያወራ ጀመር። ወደ ሐኪም ላክሁ፤ ሐኪሙ ሳይደርስ አለቀ።»

ደመላሽ ጋኑን አሸተተ፤ ማንቆርቆሪያውን አሸተተ። የሌሎቹን ጠጪዎች አምስት ጽዋዎች አንድ በአንድ አንስቶ አየ። ሁሉም ያንኑ ደረቅ ሣር ሣር የሚል የአበባ ሽታ ይሸታሉ፤ ሌላ ምንም የለባቸውም። መደቡ ሥር ግን አንድ የቀንድ ዋንጫ ወድቋል።

«ይህስ?»

«የራሱ ነው። ከተስቦው ዘመን ወዲህ በሰው ዕቃ አይጠጣም። እቤት ታጥቦለት በቆዳ ማኅደር ይዞት ይመጣል። ሲቀዳለትም በራሱ እጅ ይዞ ነው፤ ሌላ ሰው አያስነካም።»

ደመላሽ ዋንጫውን ወደ በሩ ብርሃን ዞር አድርጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ቁጫጮች ተሰልፈው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሥሩ ላይ ተከማችተዋል። ዋንጫውን በመሐረቡ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው። ስለ ቁጫጮቹ ለማንም አልተናገረም።

*

በማግስቱ አገኘሁ ተቀበረ። ደመላሽ ከቀብር እንደተመለሰ ጠሃን ሱቁ ውስጥ አገኘው። ጠሃ ከመኝታው ተነሥቶ ልብሱን እንኳ ያላስተካከለ፣ ፍርሃት ያመነመነው ሰው ሆኗል።

«ወላሂ ሃምሳ አለቃ፣ እኔ ሰውዬውን በዓይኔም አላውቀውም!»

«ሸዋወርቅን ግን ታውቃለህ። አበባውን ሰጥተህ ያስጠመቅሃት አንተ ነህ።»

«ጌሾ አጣሁ ብላ ስታዝን አይቼ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው መልካም መዋል ወንጀል የሆነው?» አለና ከጆንያው አንድ እፍኝ አበባ ዘግኖ አፉ ውስጥ ሞጀረው። ያኝከዋል፣ እንባው ይወርዳል፣ ፊቱ ይኮማተራል። «ጠላ ሐራም ነው፤ አበባው ሐራም አይደለም! ይኸው ዋጥኩት! ከሞትኩ ነገ ና ቅበረኝ!»

ደመላሽ በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ የሳቀው ይህን ጊዜ ብቻ ነበር። ወደ ማታ በዚያ ሲያልፍ ጠሃ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ለጎረቤቱ የምግብ ፍላጎቱ እንደተከፈተ ያወራል።

ማዘንጊያ የሸዋወርቅ ባላንጣ ናት። ጠላ ቤቷ ከሰኞ ገበያ በላይ ነው፤ አገኘሁም ባለፈው ሳምንት ከእሷ ኮብልሎ ነው ወደ ሸዋወርቅ የሄደው። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛዋ ተጠርጣሪም ያደረጋት ይኸው ነበር።

«ተቀይመሽው ነበር ይባላል» አላት ደመላሽ።

«ተቀይሜውማ ነበር! ለምን እዋሻለሁ? ሁለት ሰኞ በተከታታይ ጠላዬን አንድ ጉንጭ ቀምሶ እንትፍ! ‹ምን ሬት ነው ያጠጣሽኝ› ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። ከዚያው ማንቆርቆሪያ የጠጡት ሌሎቹ ግን ‹እጅሽ ይባረክ› እያሉ ይደግማሉ። አፈር ስሆን፣ ጠላዬ መርሮ አያውቅም!»

«በራሱ ዋንጫ ነው የጠጣው?»

«በምን ሊጠጣ ኖሯል? የኔን ጽዋ ይጠየፋል እኮ። ነፍሱን ይማረውና፣ ኩራቱ ሌላ ነበር።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ደግ ልጅ ነበር። ያቺ እህቱ ምን ይውጣት?»

ደመላሽ ቆመ፣ ቆቡን አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። መራራው ከቤት ቤት ሰውዬውን እየተከተለ ነበር ማለት ነው። እናቱ ከነገረችው ነገር አንዱ ትዝ ብሎት ልቡ ከበደው። ወደ አቦይ ወልደጊዮርጊስ ቤት እግሩን እየጎተተ ሄደ።

አቦይ ወልደጊዮርጊስ ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ የሆኑ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ከትግርኛቸው ጋር ይደባለቃል።

«እወ፣ መራራ ሥር ለሰው ሰጥቻለሁ። ሐሰት ለምን እላለሁ፣ ወደይ፣ ልጄ?» አሉት። «የሥሩን ስም ግን አትጠይቀኝ፤ ለወለድኩት ልጅም አልነገርኩት።»

«ቢጨርሰው ይገድላል?»

«ማን ይጨርሰዋል? እንዲያ የሚመር ነገር ማን ይጨርሳል?» ብለው ሳቁ። ደመላሽ አልሳቀም። ፊቱን ሲያዩ ሽማግሌው ሳቃቸውን አቋረጡና «ወይ ኣነ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

የወሰደውን ሰው ስም ጠየቃቸው። ነገሩት። ያን ማታ ደመላሽ እራት አልበላም። «ዝም ብልስ?» እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት አነጋ። ዝም ቢል ሸዋወርቅ ትሰቀላለች። ቢናገር ደግሞ አንዲት ሴት ከሞት የባሰ ነገር ትሰማለች።

*

ረቡዕ ጠዋት፣ የፍርድ ቤቱ ሰዓት ሳይደርስ፣ ሁሉንም ሸዋወርቅ ቤት ሰበሰባቸው። ሸዋወርቅ በአንድ ፖሊስ ታጅባ መጣች። ጠሃ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ማዘንጊያ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ አቦይ ወልደጊዮርጊስ በትራቸውን ተደግፈው ወለሉን ያያሉ። የትምወርቅ ጥቁር ለብሳ መካከል ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከሸዋወርቅ ላይ አልነቀለችም።

ደመላሽ ዋንጫውን ከመሐረቡ አውጥቶ መደቡ ላይ አቆመው።

«ከአንድ ጋን ስድስት ሰው ጠጣ» ብሎ ጀመረ። «አምስቱ ደኅና ናቸው። ሸዋወርቅም ከማንቆርቆሪያው በመዳፏ ቀምሳለች። ስለዚህ ጋኑም ማንቆርቆሪያውም ንጹሕ ነው። አበባውንም ጠሃ በእፍኝ ቅሞት ይኸው ቆሟል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ጠሃ።

«የቀረው ዋንጫው ነው። ከሌሎቹ ጽዋዎች አንዱም ቁጫጭ አልነካውም፤ በዚህኛው ግን ሥሩ ድረስ ወርደው አገኘኋቸው። ቁጫጭ ወደ መራራ ጠላ አይሮጥም። ሥሩ ላይ ማር ነበር።»

«ማር?» አለች ማዘንጊያ።

«በማር የተለወሰ ነገር። በማር ለምን ይለወሳል? ዱቄቱ ከዋንጫው ሥር ተጣብቆ እንዲቆይ፣ በመንገድ እንዳይፈስ ነው። ስለዚህ የተቀባው እዚህ አይደለም። እዚህማ ዋንጫውን ከእሱ በቀር የነካው የለም።»

የትምወርቅ ነጠላዋን በጣቷ መጠቅለል ጀመረች።

«ማዘንጊያ ቤት ሁለት ሰኞ መረረኝ ብሎ ተፋ። ሌሎቹ አልመረራቸውም። መራራው ያኔም በዋንጫው ውስጥ ነበር። አሁን አስቡት። ሊገድል የፈለገ ሰው መርዙ አንዴ ቢተፋበት ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ይህኛው ሰው ግን ሁለቴ ተተፍቶም ያንኑ ደገመ። ለምን? ሐሳቡ እንዲተፋው ስለነበረ ነው። አገኘሁ መጠጥ አብዝቶ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሸትተህ ብትመጣ እንዳትመለስ ብሎት እንደነበር ቀብር ላይ ነግሮኛል። መጠጥ የሚያስጠላ መድኃኒት እንዳለ እናቴ ነግራኝ ነበር፤ ጠጪው ሳያውቅ በመጠጡ ይሰጠዋል፣ ይመርረዋል፣ ይተፋዋል፣ ሦስተኛው ላይ ይጠላዋል። አቦይ፣ ልክ ነኝ?»

«ሓቂ ነው» አሉ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ።

«ሰኞ ዕለት ግን ሸዋወርቅ አዲስ ጌሾ ሞከረች። ሁሉም መረረው። ‹ይመራል፤ ጨርሱት› ተባለ። አገኘሁ የመድኃኒቱን መራራ የጠላው መስሎት፣ ሴትየዋን ላለማሳፈር ብሎ ሊተፋው የሚገባውን ዋጠው። ሸዋወርቅ አልገደለችውም። አበባውም አልገደለውም። የገደለው ሰውም ሊገድለው አላሰበም።»

ደመላሽ የሰጪውን ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም።

የትምወርቅ የሸዋወርቅን ፊት ትታ ዋንጫውን ማየት ጀምራ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በአበባው ገዳይነት ከልቧ ታምን ነበር፤ ሁለቴ የሰጠችው መድኃኒት ምንም አላደረገውማ።

«ሁለቴ ተፋው» አለች። «ሁለቴ እቤት መጥቶ ‹እትዬ፣ ጠላ ጠላሁ› አለኝ። ደስ አለኝ። ሦስተኛው ብቻ ነበር የቀረው። ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ጉንጭ ነው እኮ የሚቀምሰው! ከአንድ ጉንጭ አያልፍም ብለውኛል!» ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ ከእሳቸው ወደ ደመላሽ። «ጨርሶ ጠጣው?»

«አዎ እናቴ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ጩኸት ይመጣል ብለው ሁሉም ተዘጋጅተው ነበር፤ አልመጣም። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እንደማታውቃቸው አየቻቸው። ማዘንጊያ አፏን በነጠላዋ አፍና ታለቅሳለች። ፖሊሱ ሸዋወርቅን ለቀቃት፤ ነጻ ነሽ ቢላትም የሰማችው አትመስልም። ሄዳ ከየትምወርቅ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁለት ቀን ሙሉ ገዳይ ስትላት የነበረችውን ሴት እጅ ያዘች።

«ሲሞት አጠገቡ ማን ነበር?» አለች የትምወርቅ።

«እኔ ነበርኩ፣ እትዬ። ራሱ ጭኔ ላይ ነበር።»

«ጠራኝ?»

ሸዋወርቅ የያዘችውን እጅ ጨበጥ አደረገችው።

«ጠራሽ። ‹ለእትዬ እንዳትነግሪብኝ፣ ዛሬ አልጠጣም ብያት ነው የወጣሁት፣ ታዝንብኛለች› አለኝ።»

የትምወርቅ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ አሁን ነው የመጣው።

«አላዝንበትም ነበር» አለች። «አላዝንበትም ነበር እኮ።»

ደመላሽ የእጅ ማሰሪያ ገመድ አላወጣም። ሸዋወርቅ የትምወርቅን ደግፋ አስነሳቻትና፣ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ነጠላ ተሸፋፍነው ወደ ጣቢያው ቀድመውት ሄዱ።