ገሳይ ክርስትና ላይ ያየሁት ጓጉንቸር

እኔ ክታብም ሆነ ዓይነ ጥላ አምኜ አላውቅም፣ ዛሬም አምናለሁ አልልም፣ ግን ያየሁትን አይቻለሁ፣ እመኑኝ።

ደብረ ታቦር ውስጥ የቻይናን የድሮ ክታብ ሳንቲሞች የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም፣ እኮራበታለሁ። ዱባይ ሰው ቤት ስሠራ፣ ዓርብ ዓርብ ጓደኞቼ ወርቅ ሊያዩ ሲሄዱ፣ እኔ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ሱቅ ተቀምጬ እነዚህን ክታቦች እየገዛሁ አጠራቅም ነበር። ሳንቲም ይመስላሉ እንጂ ማንም ገበያ ወጥቶባቸው አያውቅም፣ አንገት ወይም በር ላይ የሚንጠለጠሉ ናቸው፤ ኮክ የተቀረጸበት ዕድሜ ነው፣ ዓሣ ያለበት ጥጋብ። ከሁሉ የምኮራበት ግን ጓጉንቸር የሚመስለው ናስ ነው፣ ሕፃን እንዳይሞት ከሕይወት ጋር የሚቆልፉበት፣ በአራት የቻይና ፊደል «ረጅም ዕድሜ፣ ሀብትና ክብር» የሚል፣ ሦስተኛዋ ፊደል ላይ ደግሞ ጭረት አለች፣ የእኔ ብቻ መለያ።

እዚሁ አቅራቢያችን ገሳይ ከተማ ያለችው ታናሽ እህቴ ሁለት ልጅ ቀብራ ሦስተኛውን ስትወልድ ይህንኑ ለመነችኝ።

«እትዬ፣ አንገቱ ላይ ላንጠልጥልለት፣ ከፍ ሲል እመልስልሻለሁ።»

«ለማየት የሰበሰብኩት ነው፣ መድኃኒት አይደለም» አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ላብ እንዳይነካብኝ ሳስቼ ነው፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በአርባ ቀኑ፣ ክታቡን ለብቻው ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ለክርስትናው ሄድኩ። ቄሱ ልጁን ከውኃው ሲያወጡት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቁልፍ ሲገጥም እንደሚሰማው ያለ፣ ዞር ዞር ብል ከእኔ ሌላ የሰማ የለም። ቄሱ ግን ሜሮን ሊቀቡት ደረቱን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ምን አስራችሁበት ነበር?»

«ኧረ ምንም፣ አባቴ!» አለች እህቴ።

ጠጋ አልኩ። ደረቱ ላይ የጓጉንቸር ቅርጽ ቀልቶ ታትሟል፣ አራቱም ፊደል አለ፣ ሦስተኛዋ ላይ ጭረቷ እንኳን አልቀረችም!

ድግሱን ሳልጨርስ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ገባሁ። ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ስከፍተው ክታቡ ግን ረጥቧል፣ ሜሮን ሜሮን ይሸታል።

ያን ጊዜ ስስቴ ጠፋ፣ ደውዬ ያገኘሁትን ነገርኳትና ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ አልኳት። «ተዪው እትዬ፣ ካለበት እንዳታንቀሳቅሺው» አለችኝ።

ልጁ አሁን ይሮጣል። ስብስቤን ሊያዩ ሰዎች ሲመጡ ሁሉንም በኩራት እዘረጋላቸዋለሁ፣ ያንን ሳጥን ግን አልከፍትም፤ ልጁን በሕይወት ያቆየው ክታቡ ይሁን የሳጥኑ መቆለፍ አላውቅማ፣ እፈራለሁ።