ያልተገራው ጓንት

«እሷ ናት አልኳችሁ! ከሦስት ሰዓት ወዲህ ከእሷ በቀር ማን ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ?» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ጓንት ባጠለቀ ቀኝ እጁ ቆዳ ሰፊዋን እየጠቆመ።

«አፍህን ሰብስብ! ሴትዮዋ የመጣችው ያንተኑ ጓንት ልታደርስ ነው» አለችው የሟች ሚስት። ድምጿ በለቅሶ ሰልሏል።

«ታዲያ ከወንድሜ ጋር ሲጨቃጨቁ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

ሰፊዋ ቦርሳዋን ታቅፋ ግድግዳውን ተጠግታለች። ሊወስዳት የመጣው የፖሊስ መኪና ከደጅ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

«ቀስ በሉ» አለ መርማሪው። ይህን ቃል ሠላሳ ዓመት ስለደጋገመው ባልደረቦቹ «ቀስበሉ» እያሉ ይጠሩታል። በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ያበጡ እግሮቹን ከጫማው በግማሽ አወጣ። የቀስት ክለቡ አሠልጣኝ ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከብረቱ የቀስት መስቀያ ሥር፣ ራሱ ተፈንክቶ ከተገኘ ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

«እናቴ፣ ምን አጨቃጨቃችሁ?» ሲል ሰፊዋን ጠየቃት።

«‹ለእሱ ጓንት ስፊ ያለሽ ማነው?› ብለው ተቆጡኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? እጅ እለካለሁ፣ እሰፋለሁ። ጓንቱን ለወንድማቸው ሰጥቼ ስወጣ እሳቸው ቁጭ ብለው ነበር።»

«አንተስ?»

«ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ሜዳ ላይ ብቻዬን ነበርኩ» አለ ወንድምየው። «አዲስ ጓንት ካልተገራ ጣት አያሳጥፍም። መቶ ፍላጻ ወረወርኩ። ውሃ ልጠጣ ስመጣ አየሁት። ከበሩ አላለፍኩም፣ አልነካሁትም፤ ጮህኩ።»

«እስካሁን ለምን አላወለቅከውም?»

«ረስቼው ነዋ! ወንድሜ ሞቶ ስለ ጓንት ላስብ?»

መርማሪው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ስንተዋወቅ የዘረጋህልኝ ግራ እጅህን ነው። ስልክህንም የያዝከው፣ እንባህንም የጠረግከው በግራህ ነው። የረሳ ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም። እስቲ እጅህን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አድርገው። እናቴ፣ እርስዎ ይዩልኝ፤ እኔ ቆዳ የማውቀው ጫማዬ ሲነክሰኝ ነው።»

ሰፊዋ መነጽሯን አደረገችና ጎንበስ አለች።

«መቶ ፍላጻ የወረወረ ጓንት ጣቱ ጫፍ አጠገብ የቀስቱ ገመድ መስመር ይሠራበታል። ይሄ ምንም የለው። ስፌቱ ደግሞ ተኮማትሯል። ውሃ ገብቶበታል።»

«ላብ ነው!»

«ላብ ከውስጥ ነው የሚጀምር፣ ልጄ። ይሄ እስከ ማሰሪያው ጫፍ ርሷል።»

መርማሪው ወደ ሚስትየው ዞረ። «ባለቤትዎ ጓንቱ እንዳይሰፋ ለምን ፈለጉ?»

ሚስትየው የባሏን ወንድም አየት አደረገችው።

«የእሱ ዓይን ደክሟል። ዒላማውን በቅጡ ማየት ካቃተው ከረመ። ባለቤቴ ሰው ሳይመታ ቀስቱን ያስቀምጥ ባይ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገረው እያለ እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ።»

«ዛሬ ነገሩህ» አለ መርማሪው ወደ ወንድምየው ተመልሶ። «ወደ ሜዳው አልወጣህም፤ ብትወጣ ጓንቱ ይመሰክርልህ ነበር። እዚያው ተጣላችሁ። እሳቸውም ብረቱ መስቀያ ላይ ወደቁ። ጓንቱን ደም ነካው፣ አጠብከው። እርጥብ ቆዳ እጅ ላይ ካልደረቀ ተጨማዶ እንደ እንጨት እንደሚሆን ደግሞ ታውቃለህ፤ ቀስት ስትይዝ ነው ያደግከው። ስለዚህ አጥልቀኸው ዋልክ።»

ወንድምየው ጓንቱን በግራ እጁ ሸፈነው።

«ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም» አለ ወንድምየው በመጨረሻ። «ራሱን ቀና ሳደርገው ነው ደሙ የነካኝ። ስጠራው ዝም አለኝ።»

«እኚህ ሴትዮስ ምን አደረጉህ?»

ወንድምየው ፊቱን ከሰፊዋ አዞረ። መርማሪው ቀጠለ።

«ጓንቱን ከአጥሩ ወዲያ ወርውረኸው ቢሆን እኔ ባዶ እጄን እመለስ ነበር፤ እሳቸውም ታስረው ይሄዱ ነበር። ለምን አልጣልከውም?»

ወንድምየው እጁን ገልብጦ አየው።

«አዲስ ነው እኮ» አለ።

ሚስትየው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አንዱ ፖሊስ ጓንቱን ሊመነጭቀው ሲል መርማሪው በእጁ ከለከለውና ማሰሪያውን ራሱ ይፈታ ጀመር። ቆዳው አልለቅ አለ። ሁሉም በዚያ እጅ ዙሪያ ተሰበሰቡ።

ሰፊዋ መነጽሯን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ በጀርባቸው በኩል አልፋ ወጣች።