የፊት ፍሬኑ ሽቦ

ስለ መንፈስ ሲወራ ተነስቼ ጥርሴን ልቦርሽ የምሄድ ልጅ ነበርኩ። ዶርም ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቹ አንድ አልጋ ላይ ተከማችተው «አክስቴ ቤት እኮ…» እያሉ ሲንጫጩ፣ እኔ በስልኬ ብርሃን የፊዚክስ ጥያቄዬን እሠራ ነበር፣ ሁሉም ነገር ምክንያት አለው፣ ካላገኘነው በደንብ ስላልፈለግን ነው እል ነበር፣ እና እመኑኝ፣ ለዚህኛውም ምክንያት ፈልጌለታለሁ፣ አሁንም እየፈለግኩ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከወንድሜ ከያሬድ ነው። ያሬድ ባለፈው ክረምት በሞተር አደጋ ሞተ፣ ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር በሚወርደው ቁልቁለት፣ ዝናቡ ባባራበት ጠዋት፣ ኩርባው ላይ መንገዱን ስቶ። ያዩት ሰዎች «ሲመጣ ምንም አልቀነሰም» አሉ፣ ይቺ ቃል ከሬሳው ቀድማ ቀበና ቤታችን ደረሰች፣ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትም እናቴን «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ገና ከበሩ ሳይወጡ «የዘንድሮን ልጅ ፍጥነት ጨረሰው» ይባባሉ ነበር። እኔ ግን ያሬድን አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ የሚያይ፣ እኔን ከኋላው ሊያስቀምጠኝ ሲል ሄልሜቴን ያሰርኩትን ፈትቶ እንደገና የሚያስር ሰው ነበር።

አባባ ከሰዎቹም ባሰ። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ብዙ አይናገርም፣ ያን አሮጌ ሞተር ያሬድ ግቢ ካስገባበት ቀን ጀምሮ እንደጠላው ነው፣ «ራሱን በራሱ የገደለ ልጅ» አለና ወሬውን ዘጋው። ፎቶውንም ሳሎን መስቀል ከለከለ፣ ምክንያቱም እማዬ ትልቅ አሳጥባ ፍሬም ያስገባችው ፎቶ ያሬድ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ የሚስቅበት ነው። እማዬ ፎቶውን በነጠላ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ «ምሳ ቀርቧል» እና «ጨው አንሶታል» ከመባባል ያለፈ ንግግር የላቸውም።

ያሬድ ሳይጨርሰው የሄደ አንድ ሥራ ነበር፣ የሞተር ሞዴል። ከክንድ የምታጥር፣ መሪዋ ዝቅ ያለ፣ የድሮ የጣሊያን የውድድር ሞተር፣ ከአሮጌ መጽሔት የቀደደውን ምስሏን ግድግዳው ላይ ለጥፎ እሱን እያየ ነበር የሚሠራት። የነዳጅ ታንኳን ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ፣ የጎማዎቿን ቀጫጭን ዘንጎች ከክራር ክር፣ ሰንሰለቷን ከተበጠሰ የእማዬ ሐብል ሠርቷል፣ የቀሩት ቀለሟና ከመሪዋ የሚወርዱት ሽቦዎች ብቻ ነበሩ። ዘንድሮ የአንደኛ ዓመት ፈተናዬን ጨርሼ ለክረምት ስመጣ ልጨርሳት ወሰንኩ። ለሙት ዓመቱ ትድረስ፣ አባባ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሥራ የሠራ እጅ የግዴለሽ እጅ እንዳልሆነ በዓይኑ ይይ፣ ፎቶውን ይፍቀድ፣ ሐሳቤ ይኸው ነበር፣ ደግሞ ልክደው አልችልም፣ አባባ «ጎበዝ» እንዲለኝም ፈልጌ ነበር።

ሲግናል ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ሳሮን ልትጠይቀኝ መጥታ ጠረጴዛዬን ስታይ ሳቋን ለቀቀችው።

«ማሂ፣ ምንድን ነው ይሄ? ለአይጥ ነው የምትሠሪው?»

«ለያሬድ ነው።»

ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ወረንጦውን አነሳች።

ሽቦዎቹን ከስልክ ገመድ ውስጥ በመዘዝነው ቀጭን መዳብ አብረን ሠራናቸው፣ የፍሪሲዮኑን፣ የቤንዚኑን፣ የፊት ፍሬኑን። የቤንዚኑና የፍሬኑ ሁለቱም ከመሪው ቀኝ እጀታ ስለሚነሱ ያምታታሉ፣ እኔም አምታትቼ የፍሬኑን ወደ ሞተሩ አስገብቼው ሳሮን «ኧረ ምስሉን እዪው! ኢንጂነር ልትሆኚ ነው በዚህ ዓይንሽ?» ብላ አስፈትታኛለች።

በማግስቱ ጠዋት የፍሬኑ ሽቦ ከፊት ጎማው በኩል ተፈትቶ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። አልገረመኝም፣ ላላ አድርጌ አስሬው ይሆናል ብዬ አጠበቅኩት፣ በማግስቱም ተፈታ። በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት፣ አሁንም ተፈታ፣ የሚገርመው ደግሞ ማጣበቂያው አልተሰነጠቀም፣ ሽቦው የነበረበት ቀዳዳ ክብ ሆኖ ቀርቷል፣ ልክ አንድ ሰው በትዕግሥት ያወጣው ይመስል። ሌሎቹን ሁለት ሽቦዎች የነካቸው የለም። ለሳሮን ደወልኩላት።

«አይጧ ናት አልኩሽ እኮ» አለች፣ «ፍሬን ከፈታችማ መካኒክም ሆናለች።»

ስቄ ዘጋሁት፣ ግን የክፍሌን በር ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ ማንጠልጠል ጀመርኩ። አባባን እንዳትጠረጥሩት፣ እኔም ለአፍታ ጠርጥሬው አፍሬያለሁ፣ የአባባ እጆች ከያሬድ ሞት ወዲህ ይንቀጠቀጣሉ፣ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ፣ እማዬ ደግሞ ዓይኗ ደክሞ ክር በመርፌ ማስገባት አቅቷታል። በሩን ቆልፌም ሽቦው ተፈታ። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ መጽሐፍ እያነበብኩ ከጀርባዬ ትር… ትር… ትር የሚል፣ ተገልብጦ የተተወ ብስክሌት ጎማው በራሱ ሲዞር እንደሚያሰማው ዓይነት፣ ዞር ስል ይቆማል።

የሙት ዓመቱ ዋዜማ ነበር። እማዬ ስለ ነገው ጸሎት ቄሱን ልታነጋግር ወደ እንጦጦ ወጥታለች፣ አባባ ሳሎን ሬዲዮውን ይዞ ተቀምጧል፣ ገና መምሸቱ ነው። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቆየና ድንገት አባራ፣ መብራቱም አብሮ ሄደ፣ ሬዲዮው ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከላይ፣ ከቁልቁለቱ፣ የሞተር ድምፅ ሰማሁ።

የሰፈራችን ሞተር ብዙ ነው፣ ዕቃ የሚያደርሱት ልጆች ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ሻማ እፈልግ ነበር። ነገር ግን ይሄኛው ማርሽ ሲቀንስ ያስላል፣ አንድ ጊዜ፣ እንደ ሰው፣ «እህህ» ብሎ፣ ያንን ሳል አውቀዋለሁ፣ እማዬ ያንን ሳል ሰምታ ነበር እራት የምታቀርበው። ድምፁ እየቀረበ መጣ፣ አሳለ፣ ቀረበ፣ ምንም አልቀነሰም፣ የግቢያችን በር ላይ ደርሶ ይገጨዋል ብዬ ጆሮዬን ስይዝ ጠፋ። አለፈ አይደለም የምላችሁ፣ ጠፋ። ከጀርባዬ ደግሞ ትር ትር ትር። በስልኬ አበራሁ። የሞዴሏ የፊት ጎማ እየዞረ ነው፣ በኃይል፣ የክራር ክሮቹ አይለዩም፣ የፍሬኑ ሽቦ ከጎኑ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አባባ ነው፣ ሻማ ይዟል፣ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጥላችን ሁሉ ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ሰማሽው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«አትዋሺኝ፣ ማህሌት።»

ገባና ጎማውን አየው፣ አልደነገጠም፣ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ፣ የሚጠብቀውን እንግዳ እንዳየ ሰው ነበር የሆነው። ሻማውን ወደ ሞዴሏ አስጠጋ።

«ያቺ የተፈታችው የምንድን ናት?»

«የፊት ፍሬን።»

«የቤንዚን አይደለችም?»

«አይደለችም አባባ፣ የቤንዚኑ ይሄኛው ነው፣ ሁለቱም ከቀኝ እጅ ስለሚነሱ ነው የሚያምታቱት፣ ይሄን ብትፈታው ሞተሩ መነሳቱን ይነሳል፣ ግን አይቆምም» አልኩት፣ በጣቴ እያሳየሁ፣ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ እንደምመልሰው። ተናግሬ ስጨርስ ፊቱን አየሁት።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«የቤንዚኑ መስሎኝ ነበር» አለ። «ዝናብ ነው፣ አትሂድ ብዬ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። ማታውን ሽቦዋን የያዘችውን ብሎን በፒንሳ ላላ አደረግኳት፣ እንዳይነሳለት። ጠዋት ግን ተነሳ። ሲነሳ ጊዜ፣ ዘዴዬ አልሠራም ብዬ ተውኩት።»

ጎማው ቆመ። መብራት መጣ፣ ሳሎን ሬዲዮው ማስታወቂያ መለፍለፍ ጀመረ፣ እማዬ የግቢውን በር ስታንኳኳ ሰማን፣ አባባ ሻማውን እፍ ብሎ «ጭቃ ውስጥ አታስቁሚያት፣ ክፈቺላት» አለኝ።

በማግስቱ እንግዶች ሳይመጡ አባባ ራሱ ቁምሳጥኑን ከፍቶ ፎቶውን ከነጠላው አወጣው፣ ሚስማሩን ግድግዳው ላይ ይዤለት እየተንቀጠቀጠ መታው፣ ጣቴንም መታኝ። እማዬ ትከሻውን ስማ አለቀሰች። ሞዴሏንም ከፎቶው ሥር አስቀመጥናት፣ ሁሉም አደነቋት፣ አንዷ ጎረቤታችን ዓይኗን እየጠረገች «ተመስገን፣ አባትየው ይቅር አለው» ስትል ሰማኋት። አባባም ሰምቷታል። እንጀራው እጁ ላይ ቀረ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። እሱም አልነገራት። አሁን እየተነጋገሩ ነው፣ እሷ ትስቃለች፣ ይህንን የማፈርሰው እኔ ነኝ ወይ እያልኩ አስባለሁ፣ ሳስብ ይነጋል፣ ሲነጋ ደግሞ ሽቦው ተፈትቶ ይጠብቀኛል። ማሰሩን ትቻለሁ።

ማታ ማታ ግን፣ እማዬ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ አባባ ቀስ ብሎ ወደ ሞዴሏ ይሄዳል፣ የፍሬን መያዣዋን በዚያ በሚንቀጠቀጥ ጣቱ ይጫናል፣ ዓይኑ ስለደከመ ያለ ሻማ ሽቦውን አያየውም፣ ወደኔ ዞሮ በሹክሹክታ ይጠይቀኛል።

«ይዟል?»

«ይዟል አባባ» እለዋለሁ። ትር፣ ትር የሚለውን እሱም ይሰማው እንደሆነ አላውቅም፣ ጠይቄውም አላውቅም።