የይለፍ ቃሉ እምቢ ያለ ዕለት

ይርጋነሽ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሆዷ ውስጥ ይዛ ኖራለች። ወንድሟ ሰማው ቢቸና በመሬት ጉዳይ ጸሐፊ ሳለ ሐሰተኛ የይዞታ ካርታ በኮምፒውተር መግቢያ ስምህ ታትሟል ተብሎ ታሰረ። ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ፤ ከእስር ሳይወጣም ሞተ። ካርታው በታተመበት ቀን ለምሳ መጥቶ፣ «ዛሬ የይለፍ ቃሌ እምቢ አለኝ» ብሏት ነበር። ይህንኑ ለኃላፊው ለሣህለ ማርያም ብትነግረው፣ «አንቺ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ መለሳት።

በሰማው ላይ የመሰከረው፣ እንዳለው የተባለው የኔትወርክ ባለሙያ ወደ ሞጣ ሲዛወር ተከትላው ሄደች። በዚያው መሥሪያ ቤት ጽዳት ተቀጥራ የእግሩን ጭቃ ስትጠርግ ኖረች።

በ2008 ክረምት የመዝገብ ክፍሉ ሀብተ ሥላሴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው እሷ ናት። አጠገቡ መርዝ የገባበት ሻይና «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል፣ በፕሪንተር የታተመ ወረቀት ነበረ። የሰማውን ጉዳይ እንዲያጣራላት የለመነችው እሱን ነበር።

መርማሪው ኢንስፔክተር አካለ ወልድ ከወረቀቱ ይልቅ ስለ ፕሪንተሩ ጠየቀ። በኔትወርኩ የስም መዝገብ ያልተፈቀደለት ሰው ማተም አይችልም። የሞጣው ኃላፊ አለበል ደግሞ ወረቀት ባከነ ብሎ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከራሱና ከጸሐፊዋ ከትህትና በቀር ሁሉንም አስከልክሏል። የኅትመት ዝርዝሩ ሲታይ ወረቀቱ ረፋድ አራት ተኩል ላይ በትህትና ስም ወጥቷል። ልጅቱ ማልቀስ ብቻ ሆነ ሥራዋ።

ይርጋነሽ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ኢንስፔክተሩ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይህች ልጅ አላተመችም።»

«በምን አወቁ?»

«ከአራት ሰዓት እስከ ምሳ እጇን አጣጥፋ ነው የዋለችው። የይለፍ ቃሌ እምቢ አለኝ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድሜም ያለኝ ይህንኑ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ይቀመጡና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

በማግስቱ አለበልን፣ ትህትናንና እንዳለውን መዝገብ ክፍል ሰበሰባቸው። ይርጋነሽ በሩን ይዛ ቆመች።

«ሟቹ ማተም ስለተከለከለ ወረቀቱ የሱ አይደለም» ሲል ጀመረ። «አቶ አለበል በዚያ ሰዓት ጉንደ ወይን ከተማ ነበሩ። ትህትና በገዛ ስሟ መግባት አቅቷት ነበር። እንዳለው፣ የሰው የይለፍ ቃል ማየት ትችላለህ?»

«ማንም አይችልም» አለ እንዳለው ፈገግ ብሎ።

«መለወጥስ?»

ፈገግታው ጠፋ።

«ማየት ስላልቻልክ ለወጥከው። ሰርቨሩ ላይ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል የትህትና የይለፍ ቃል ካንተ ክፍል ተለውጧል። ከምሳ በኋላ አዲስ ሰጠሃት። ከወረቀቱ አልፎ የሚጠይቅ ቢመጣ እሷ ትያዝ ብለህ ነው፤ ልክ እንደ ሰማው። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሁለት ብርጭቆ ይዘህ ስትወጣ አይታሃለች። በሟቹ መሳቢያም የቢቸናው ካርታ ግልባጭ አለ። የወጣው በእህትህ ባል ስም ነው።»

እንዳለው ወደ በሩ ዞረ። «ማንበብ በማትችል ጠራጊ ነው የምከሰሰው?»

«ማንበብ አልችልም» አለች ይርጋነሽ። «መስማት ግን እችላለሁ።»

ጥር ላይ ተፈረደበት፤ የቢቸናውንም አምኗል። ይርጋነሽ የፍርዱን ግልባጭ አስወጥታ በገበያ ቀን ቢቸና ወረደች። የሰማው ስም ተለጥፎበት በነበረው ሰሌዳ ላይ ለጠፈችና ሥሩ ቆመች። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እየያዘች አስነበበች። ሰው ተሰበሰበ። ጫጫታውን ሰምቶ ሣህለ ማርያም ከቢሮው ወጣ፤ ወረቀቱን ሊገነጥል እጁን ዘረጋ። እጁን ያዘችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለችው። «እስኪ እርስዎ ያንብቡልኝ።»

ሰዉን አየ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጀመረ።

«ጮክ ብለው» አለች።