የገራሌው ፓምፕ

ጋሽ ዘውገ ኤንትሬ የጭነት መኪናውን ከአብነት ሰፈር ሲያስነሳ ሙናዊር ገና በሩን አልዘጋም ነበር።

«ዝጋው እንጂ! ሰርግ የምንሄድ መሰለህ?»

ሙናዊር በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው። ከኋላ፣ በሸራ ሥር፣ አረንጓዴ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ አንድ ትልቅ የፓምፕ ራስ ታስሯል። መርካቶን ከዳር እስከ ዳር ቢያስሱ እንዲህ ያለ ሌላ አይገኝም። ሙናዊር በቅርቡ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በኬሻ ገዝቶት፣ አሮጌ ብረት የሚታደስበት ምናለሽ ተራ አስጠርጎና አስቀብቶ የብረት ሱቁ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም። ምናለሽ ተራ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ወይ ፖሊስ ነው ወይ ጅል።

ታናሽ ወንድሙ ኢርፋን ገራሌ በሚባል ቆላ፣ በማዕድን ካምፕ ውስጥ በያጅ ነው። ገራሌን ሁለት ክልሎች የኔ ነው፣ የኔ ነው ይሉታል። ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል ከተባለ ወዲህ የታጠቁ ሰዎች የማዕድኑን ቧንቧ ቆረጡ፣ ምሰሶውን ጣሉ፣ መኪኖቹን አቃጠሉ። በመጨረሻ ኢርፋን በሙናዊር ሱቅ ስልክ ደወለ።

«ሙናዊር፣ ፓምፑን ካበላሹት ሰነበቱ። ትልቁን የፓምፕ ራስ ፈልግልን። ያጠራቀምነው ውሃ አልቆብናል፤ በእግር እንዳንወጣ በረሃው...»

ስልኩ ተቋረጠ። ሙናዊር ይህንኑ ለእናታቸው ነገራቸው። «ወንድምህን ሳትይዝ ፊቴ እንዳትቆም» አሉት።

የአዲስ አበባ ብርድ ከኋላ ቀረ። ዛፉ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦውም ድንጋይ ሆነ። ጋሽ ዘውገ ይህን መንገድ በየጊዜው ስለሚመላለስበት ስለ እያንዳንዱ ኩርባ ወሬ አለው፤ ለሰሚ እንኳ አያዝንም። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን ሰማዩ ቀላና የአሸዋ አውሎ ነፋስ መጣ። ሸራውን ቦጫጨቀው፣ ኤንትሬውን እንደ ጋሪ ነቀነቀው። አፋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ።

ሲያባራ ሙናዊር ጭነቱን ሊያይ ወረደ። አሸዋው የምናለሽ ተራን ርካሽ ቀለም ልጦት የብረቱ ጎን ገጥጧል። አንድ ጠማማ የብየዳ ጠባሳም ይታያል። ጋሽ ዘውገ ጠጋ ብሎ አየውና ፊቱ ተለወጠ።

«ምነው ጋሽ ዘውገ? ተሰበረ እንዴ?»

«አልተሰበረም። ግባ፣ እንሂድ።»

ከዚያ ወዲያ ያ ወሬኛ ሰው አፉን ዘጋ።

ከካምፑ በእግር የማይደረስበት አንድ ወንዝ ጋ ሲደርሱ ለካምፑ ሰዎች የጫኗቸውን ባዶ በርሜሎች ሊሞሉ ወረዱ። ሙናዊር እስከ ጉልበቱ ገብቶ ጀሪካኑን ነከረ። ወዲያው ውሃው ተናወጠ።

«ውጣ! ውጣ አንተ!»

አዞው ጀሪካኑን ከእጁ መንትፎ ሲጨፈልቀው ሙናዊር በደረቱ እየዳኸ ደለሉ ላይ ወጣ። ጋሽ ዘውገ ክሪኩን አንስቶ ወረወረበት። ሙናዊር እግሮቹን ዳበሰ፤ ሁለቱም አሉ። ከዚያ ከሌላ ቦታ ቀዱ።

ካምፑ ሊደርሱ ሲሉ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ አገኙት። ክላሽ የያዙ ሰዎች ከቁጥቋጦው ወጡ። ፀጉሩን ያጎፈረው መሪያቸው በርሜሎቹን አንኳኳና ተኮሰባቸው። ውሃው እየተንፎለፎለ አሸዋው ጠጣው።

«ሰው እኮ እየሞተ ነው!» ሙናዊር ጮኸ።

«ለቆ ይውጣ። መሬቱ የኛ ነው።»

ሰውየው የፓምፑን ራስ በመዳፉ መታ መታ አደረገና ሳቀ። «ይሄን ግን ውሰዱላቸው፤ ወደ እጃችን መመለሱ አይቀርም» አለ። ከዚያም ጋሽ ዘውገን እንደ ቆየ ደንበኛ ትከሻውን ነካው። «እንዴት ነህ ሹፌር?»

ጋሽ ዘውገ ድንጋዮቹን ከመንገዱ ማንሳት ጀመረ። ሙናዊር ፈራ፤ ምኑን እንደፈራ ግን ራሱም አላወቀም።

ኢርፋንን ያገኘው ከፓምፑ ጥላ ሥር ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ግን በሕይወት አለ። ሙናዊር አቅፎት አለቀሰ። እንዲህ ከስቶ አገኘዋለሁ ብሎ አላሰበም ነበር። ጥቂት ራቅ ብሎ ድንጋይ የተከመረበት አዲስ መቃብር አለ።

ብረቱን አወረዱት። ኢርፋን ሊገጥመው እጁን ሰዶ፣ ጠባሳው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ሙናዊር፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

ሙናዊርን በሕይወቱ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «ከ... ገዝቼው ነው።»

«ብየዳው የኔ ነው። ሲነቅሉት ጁነዲን፣ ጥበቃችን፣ አቅፎት አልለቅም አለ። እላዩ ላይ እንዳለ ነው የገደሉት።» ወደ መቃብሩ አየ።

ሙናዊር ከፓምፑ ሥር ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ ዘውገ ኮፍያውን አወለቀ።

«ያ ጎፈሬው ነው በኬሻ የሸጠልኝ። ባዶዬን ከምመለስ ብዬ ጭኜ ላንተ ሸጥኩት። አልጠየቅሁም፣ ልጄ።»

«እኔም አልጠየቅኩዎትም» አለ ሙናዊር።

ኢርፋን ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፤ ቀዳዳው ሁሉ ልክ ገባ። ሞተሩ አጓራ፣ ቧንቧው አስነጠሰ፣ ውሃው መጣ። ሰዎቹ እርስ በርስ እየተጋፉ ጠጡ። ሙናዊር በጣሳ ቀድቶ ወደ አፉ አስጠጋና ሳይጠጣ መልሶ አወረደው። ጣሳውን ይዞ ሄዶ የጁነዲን መቃብር አጠገብ ተቀመጠ።

ኢርፋንን ለእናቱ አስረክቦ ሱቁን በከፈተ ማግሥት አንድ ሰው ኬሻ ተሸክሞ መጣ። ብረቱን ዘረገፈው። ሁሉም ደህና ብረት ነው፤ አንዱ ላይ ብሎኑ እንኳ አልወለቀም።

«ከየት ነው?» አለ ሙናዊር።

ሰውየው የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። አለመቀለዱን ሲያይ ደነገጠ፤ ብረቱን ሰብስቦ እየተራገመ ጎረቤት ሱቅ ገባ። ወዲያው ብረት ሚዛን ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

ሙናዊር ሱቁን ክፍት ትቶ ተከተለውና፣ ጎረቤቱ ፊት፣ ያንኑ ጥያቄ ደገመው።